መጽሐፍ ለፈረሰበት የሐዋሳ ሰው ሁሉ፦ ምስጋናና ጥቆማ

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ደመወዝ የለውም፤ ጭቅጭቁ ግን አይጣል ነው። ከሹመቱ ጋር የተረከብኩት ደግሞ አንድ ትልቅ መዝገብ ነው። የተከፈተው በደርግ ጊዜ፣ የከተማችን ስም ገና «አዋሳ» ተብሎ በሚጻፍበት ዘመን ነው። ማን መቼ አባል እንደሆነ፣ ለማን ቀብር ስንት እንደወጣ፣ ድንኳኑና ብረት ድስቱ መቼ እንደተገዛ፣ ሁሉም እሱ ላይ ሰፍሯል። አባታቸው ያረፈባቸው ልጆች «እስቲ የአባባን ፊርማ አሳዪን» ብለው ይመጣሉ። አይተው፣ ፎቶ አንስተው ይሄዳሉ።

ይህ መዝገብ ፈርሶ ነበር። ጀርባው ተገንጥሎ፣ ገጾቹ ተበታትነው፣ በገመድ ታስሮ በፌስታል ነበር የሚቀመጠው። ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊ አንዴ ሊያስጠግኑት ሞክረዋል። የወሰዱበት ቤት (ስሙ ይቅር) የተቀደደውን ሁሉ በስኮች ለጠፈው። ከዚያ ጫፉ እንዲስተካከል ብሎ በመቁረጫ ማሽን ከረከመው። ከጫፉ ጋር የአባላቱ ተራ ቁጥር አብሮ ሄደ። እኔም ተራዬ ደርሶ እዚህም እዚያም ስጠይቅ የሚሰጠኝ ምክር አንድ ነበር፦ «ስካን አድርጊውና ጣይው።» ስካኑ እሺ፣ ይደረጋል። ጣይው የሚለውን ግን እድሩ ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ የሚናገር ሰው ይምጣ።

ዛሬ የማመሰግናቸው ሴቶች ጋ የላከችኝ አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ ናት። ከፒያሳ በባጃጅ ብዙም አይርቅም። በሩ ላይ ታፔላ የለም። ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት ልብስ ማስጫ ነው፤ የተሰጣው ግን ልብስ ሳይሆን ወረቀት ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። አንዱ የህትመት፣ ሌላው የጥረዛ። ወረቀት የሚሠራው ደጅ፣ ቆርቆሮው ሥር ነው። አንዷ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ተምራ የተመለሰች ናት። ሌላዋ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር፤ አሁን መጽሐፍ ትሰፋለች። ጥረዛውን የሚመሩት በዕድሜ ትልቋ ናቸው። ሁሉም «እትዬ» ነው የሚሏቸው፤ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ።

እትዬ ፌስታሉን ከፍተው መዝገቡን ሲያዩ ወዲያው ዋጋ አልነገሩኝም። «ከዚህ በኋላ ምን ልታደርጉበት ነው?» አሉኝ። በየወሩ የሚጻፍበት ከሆነ አንድ ዓይነት ሥራ ነው፤ ተቀምጦ አልፎ አልፎ የሚገለጥ ከሆነ ሌላ። እኔ ስለ ሽፋኑ ቀለም ነበር የማስበው። ተነጋግረን አሮጌው እንዲያርፍ፣ አዲስ መዝገብ ደግሞ ከባዶ እንዲሠራልን ተስማማን። ይህ ጥያቄያቸው ብቻውን ገንዘብ አድኖልናል፤ ለየወሩ ጽሕፈት እንዲሆን አጠንክሮ መጠገን ብዙ ያስወጣን ነበር።

ከዚያ የስኮቹ ጉዳይ መጣ። ስኮች ሲያረጅ ፕላስቲኩ ይላቀቅና ማጣበቂያው ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። እትዬ በፀጉር ማድረቂያ ለዘብ ባለ ሙቀት እያሞቁ፣ በቀጭን ስለት ጥቂት በጥቂት አነሱት። አንዳንዱን ግን ተዉት። «ይሄን አልነካውም፣ ልጄ። ፊርማው አብሮ ይነሳል» አሉኝ። በእስኪሪብቶና በብዕር ቀለም የተጻፈውንም ለየብቻ ነው ያዩት። እርጥብ ጥጥ ጥግ ላይ ነካ እያደረጉ የትኛው እንደሚለቅ ፈተኑ። የብዕሩ ቀለም ለቀቀ። ስለዚህ እነዚያ ገጾች ውኃ እንዳይነካቸው ተደርገው ነው የተያዙት።

የተቀደደው የተጠገነው በጣም ስስ በሆነ ወረቀትና በስንዴ ሙጫ ነው። ሙጫው ከፉርኖ ዱቄት የወጣ ስታርች በውኃ ተበጥብጦ፣ እሳት ላይ እየተማሰለ የሚዘጋጅ ነው። ብል እንዳይወደው ቅርንፉድ ጠብ ይደረግበታል። ነጩ ኮላ እያለ ለምን ይህን ሁሉ ድካም ብዬ ጠየቅኩ። መልሳቸው አጭር ነበር፦ «ኮላ ከደረቀ አይለቅም። የእኔ ሥራ ነገ ሌላ ሰው ሊፈታው መቻል አለበት።» የስንዴ ሙጫ ሲረጥብ ይለቃል። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ጠጋኝ ከእሳቸው የተሻለ ዘዴ ካለው፣ የእሳቸውን አንስቶ የራሱን መሥራት ይችላል ማለት ነው። እዚህ ከተማ ቤት አሠርቻለሁ፣ ቧንቧ አስጠግኛለሁ፣ ሶፋ አስለብሻለሁ። ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ሠራተኛ ብሎ የሚያስብ ባለሙያ ግን እሳቸውን ነው ያገኘሁት።

ስፌቱም በዚሁ ሐሳብ የሚሄድ ነው። አዲሱ መዝገብ የተጠረዘው በጥንቱ የብራና አሠራር ነው። ሉኮቹ እየታጠፉ በጥራዝ በጥራዝ ይደረደራሉ። ማጠፊያቸው ላይ በወስፌ ይበሳል። ሰም የተቀባ ክር በመርፌ ከአንዱ ጥራዝ ወደ ቀጣዩ፣ እየተቆላለፈ እንደ ሰንሰለት ይወርዳል። ከላይና ከታች ደግሞ ክሩ ገበታው (ጠንካራው ሽፋን) ውስጥ ገብቶ ይታሰራል። ጀርባው ላይ ሙጫ አይፈስበትም። ለዚህ ነው የቤተ ክርስቲያን ብራናዎች አትሮንስ ላይ ሲቀመጡ ሳይታገሉ የሚዘረጉት። ዛሬ ውጭ አገር መጽሐፍ ጥረዛ የሚማሩ ሰዎች ይህንን ስፌት «የኢትዮጵያ ስፌት» ብለው ይማሩታል። እኛ ደግሞ ስፓይራል እናስገባለን።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ደብተር ለሚያሠራ ሰው ይጠቅማል። ወረቀት የራሱ አቅጣጫ አለው። በአንድ በኩል ሲታጠፍ እሺ ይላል፤ በሌላው ይንቀዋለላል። እትዬ እያንዳንዱን ሉክ በእጃቸው ጎንበስ አድርገው ይፈትሹታል። አቅጣጫው ከጀርባው ጋር ትይዩ ካልሆነ መጽሐፉ ሲከፈት ይነፋፋል፤ የሐይቁ እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ ይጣመማል። በክረምት የተጣመመ ደብተር ያላችሁ ሰዎች ምክንያቱን አሁን አገኛችሁት።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። እኔን ይበልጥ የገረመኝ እሱ ነው። መዝገቡ የተጠገነበት ስስ ወረቀት ከየት መጣ ስል፣ ከእንሰት ነው አሉኝ። ሲዳማ ውስጥ የኖረ ሰው ቃጫን ያውቃል። ሴቶች እንሰት ፍቀው ለቆጮ የሚሆነውን ሲያወጡ የሚቀረው ጭረት ነው። ገመድ ይሆናል፣ ከረጢት ይሆናል፣ ገበያ ይሸጣል። እንሰት ከሙዝ ወገን ነው። ከዚያው ወገን የሆነው የፊሊፒንሱ አባካ ደግሞ የሻይ ከረጢት የሚሠራበት ነው፤ ስስ ሆኖ የማይበጠስ። ወረቀት ሠሪዎች የሚፈልጉት እሱኑ ነው። የእኛ ቃጫም ባሕርዩ ቅርብ ነው።

አሠራሩን ቆሜ አይቻለሁ። ቃጫው በአጭር በአጭሩ ይቆረጣል። በአመድ ውኃ ለሰዓታት ይቀቀላል። ጥርት ያለ ውኃ እስኪወጣው ይታጠባል። ከዚያ ሙቀጫ ውስጥ በዘነዘና ይወቀጣል፤ ይህኛው ክንድ ይጠይቃል፣ ተራ በተራ ነው የሚይዙት። የተወቀጠው ትልቅ ሳፋ ውስጥ በውኃ ሲበተን አጥሚት ይመስላል። በእንጨት ፍሬም ላይ የተወጠረ የትንኝ ወንፊት ይነክሩበታል፤ ሲያነሱት ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ከዚያ ወደ ጎን ይነቀንቁታል። ጭረቱ የሚጠላለፈው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ካለፈች አትመለስም። ውኃው ሲንጠፈጠፍ ወንፊቱን አቡጀዲ ላይ ይገለብጡታል። ተደራርቦ በመኪና ክሪክ በተሠራ መጭመቂያ ይጨመቃል። ከዚያ ልብስ ማስጫው ላይ ይወጣል።

ክሪኩን ሳይ ሳቅኩ። ጎማ መቀየሪያ ነው። ግን ያንን ሁሉ ውኃ የሚያወጣው እሱ ነው።

የሥነ ጥበብ ተማሪዋ የነበረችው ልጅ እንደነገረችኝ፣ እንዲህ ያለው የሴቶች ቤት ሌላም ቦታ አለ። አሜሪካ፣ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ሮዘንዴል የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ አራት ሴቶች በ1974 እ.ኤ.አ. የከፈቱት ዎሜንስ ስቱዲዮ ወርክሾፕ የሚባል አለ፤ ወረቀት ይሠራሉ፣ ያትማሉ፣ በእጅ የተሠሩ መጻሕፍት ያሳትማሉ። ለወረቀት የሚሆኑ ተክሎችን እንኳን ራሳቸው ያበቅላሉ። «እኛ ማብቀል አያስፈልገንም» አለችኝ፣ «ጎረቤት ሁሉ ጓሮው እንሰት ነው።»

የህትመቱ ክፍል ሌላ ዓለም ነው። ለአዲሱ መዝገብ ሽፋን የእድራችንን ስም በትልቁ እንዲያትሙልን ጠየቅን። የሚቀርጹት ሊኖ ላይ ነው፣ ለወለል ንጣፍ የሚሆነው ለስላሳ ነገር፤ እሱ ሲጠፋ ከፈርኒቸር ቤት የተረፈ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ እንጨት) ይጠቀማሉ። ፊደሉ ተገልብጦ መቀረጽ አለበት፤ ሲታተም ነው የሚቃናው። «በ» እና «ተ» ችግር የለባቸውም፤ ቢገለበጡም ያው ናቸው። «ለ» እና «ነ» ፊታቸውን ያዞራሉ። ካዕብና ሣልስ ሲመጡ ደግሞ በቀኝ ያለችው ቅጥያ ወደ ግራ ትሄድና ዓይን ይደናገራል። በግእዝ ፊደል የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ ግእዙን የተማረውም እዚያው ሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነው። ያን ሁሉ ፊደል እስከ ሳብዕ ገልብጦ የቀረጸውን ባለእጅ ሳስበው አሁን አዝንለታለሁ።

ቀለም በሮለር ይቀባል፣ ወረቀት ይደረብበታል፣ ከዚያ በእንጨት ማንኪያ ጀርባ ይታሻል። ትልቅ ማሽን የላቸውም። የማያስፈልጋቸውም ይመስለኛል፤ እነሱ ግን በዚህ አይስማሙም፣ ማሽን ቢያገኙ ደስ ይላቸዋል። ሲጨርሱ ሮለሩን በምግብ ዘይት ያጸዱታል። ላምባ ትተዋል፤ ሕፃን ይዘው የሚመጡ እናቶች ስላሉ።

እውነትም ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው ለማንኛዋም ሴት ክፍት ነው። የወረቀትና የቀለም ዋጋ ብቻ ይከፈላል። አንዷ የልጇን ስም ትቀርጻለች፤ ሌላዋ ለፍቼ ጫምባላላ ወይም ለእንቁጣጣሽ የሚሸጥ ካርድ ታትማለች። የእድራችን ሊቀመንበር ባለቤት እኔን ልትሸኝ መጥታ አሁን ቋሚ ሆናለች። ጋሼ ሊቀመንበር «ሚስቴን ወሰዱብኝ» እያሉ ይቀልዳሉ። በነገራችን ላይ ሽፋናችን ላይ ያለችውን ድንኳን የቀረጸችው እሷ ናት።

ምስጋና ነው ብዬ ጉድለታቸውን አልደብቅም። ቀርፋፋ ናቸው። የተባለው ቀን አልፎ ነው ሥራው የደረሰልን። ክረምት ከሆነ ደግሞ ወረቀቱም ሙጫውም አይደርቅም፤ እነሱም አያጣድፉትም። ዋጋቸው ፎቶ ኮፒ ቤት ከሚጠይቀው በእጥፍ ያህል ይበልጣል። ሌላው ደግሞ «አይሆንም» ማለት ያበዛሉ። አንድ ጎረቤቴ የድሮ የሠርግ አልበም ይዛ ብትሄድ፣ ፎቶዎቹን ከገጹ ማላቀቅ ያበላሻቸዋል ብለው መለሷት። ተቀይማለች። እኔ ግን ያን ጊዜ ነው ይበልጥ ያመንኳቸው፤ ሥራውን ተቀብለው አበላሽተው ቢመልሱላት ማን ያውቅባቸው ነበር?

ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ ነገ የምታስገቡ ልጆች እዚያ አትሂዱ። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያሉት ቤቶች ለእናንተ ይበቃሉ። የአያታችሁ ዳዊት፣ የእናታችሁ የሙያ ደብተር፣ የእቁብ ወይም የእድር መዝገብ፣ ወይም ልጅ ሲወለድ የሚጀመር ደብተር ከሆነ ግን ሂዱ። በስኮች እንዳትነኩት። የወደቀች ቁራጭ ብትኖር እንኳ በፖስታ አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ እትዬ ቦታዋን ያገኙላታል። ግማሽ ክፍያ አስቀድመው ይቀበላሉ፣ ደረሰኝ ይሰጣሉ። ቃጫ የምትሸጡም ካላችሁ ይገዛሉ፤ ነጩንና ረጅሙን ነው የሚመርጡት።

ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፤ የፈለጉት እንደዚያ ነው። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ጠዋት ጠዋት ደውላችሁ ካላነሱ አትቀየሙ። እጃቸው ሳፋው ውስጥ ነው፤ ለምሳ ሲያርፉ ራሳቸው መልሰው ይደውላሉ።