የልብ በር ለማስቀየር፦ «ብረቱ»፣ የእንስሳው ወይስ በብሽሽት የሚገባው?

ደሴ ላይ ትንፋሽ ሲያጥር «ዳገቱ ነው» ማለት ይቀናል። ያለ ዕረፍት ይወጡት የነበረ ዳገት ሁለት ሦስቴ ካስቆመ፣ ደረት ከጨመደደ ወይም ራስ ካሳተ ግን ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይነሡ። ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት የአኦርታ በር በጤናው ከ3 እስከ 4 ካሬ ሴንቲሜትር ይከፈታል። ከ1 በታች ሲወርድ፣ አብዛኛውን ጊዜ የደሙ ፍጥነት በሰከንድ 4 ሜትር፣ አማካይ የግፊት ልዩነቱም 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲደርስ፣ ጥበቱ ከባድ ነው። ልቡ ራሱ ከደከመ ግፊቱ ዝቅ ብሎ ጥበቱን «መካከለኛ» ሊያስመስል ስለሚችል ሦስቱ ቁጥሮች አብረው ይታዩ። በሩን የሚከፍት ክኒን የለም፤ ውሃ የሚያስሸና መድኃኒት ትንፋሽ ያቀልላል፣ ያ ብቻ ነው።

«ብረት» የሚባለው ሜካኒካል ቫልቭ (ሰው ሠራሽ በር) 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል፤ ከ50 ዓመት በታች ላለ ሰው የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ወጪው ግን በቀዶ ሕክምናው አያልቅም። ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚከለክል ክኒን)፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፤ አይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚዘገይበት መለኪያ) አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3፤ ከተረጋጋ በኋላም በየወሩ ገደማ ምርመራ። ሲወርድ ደም በቫልቩ ላይ ይረጋል፣ ሲያልፍ ይደማል። በጾም ወቅት ጎመን በየቀኑ ሲበላ ይወርዳል፤ ሜትሮኒዳዞል የተባለው አንቲባዮቲክ ሲጨመር ይወጣል። ለወገብ ሕመም ተብሎ ከፋርማሲ የሚገዛ ዳይክሎፌናክ ከዋርፋሪን ጋር ጨጓራን ሊያደማ ይችላል። ሌሊት ጸጥ ሲል ቫልቩ «ቀጭ ቀጭ» ይላል፤ ያ ድምፅ ከታፈነ ወይም ከጠፋ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ።

ከከብት ወይም ከአሳማ የሚሠራው ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን አይጠይቅም፤ ዕድሜው ግን ከ10 እስከ 15 ዓመት ነው፣ በወጣት ላይ ቶሎ ይደድራል። ከ65 በላይ ላለ ሰው እሱ ይሻላል። መውለድ ለምትፈልግ ሴትም፣ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና እንደሚመጣ አውቃ፣ ይኸው ነው፤ ዋርፋሪን ፅንስ ይጎዳል። ለአይኤንአር ከለጋምቦ በየወሩ ደሴ መመላለስ ለማይችል ሰው ደግሞ ዕድሜው ገና ቢሆንም እኛ የምንመርጥለት ይህን ነው። ክትትል የሌለው «ብረት» ከሚያረጅ ቫልቭ ይብሳል።

ደረት ሳይከፈት በብሽሽት ደም ሥር የሚገባው በተለይ ከ75 በላይ ለሆኑና ቀዶ ሕክምና ለማይችሉ ነው። የሚይዘው የደደረ በር ሲያገኝ ስለሆነ፣ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣው የሩማቲክ ትኩሳት ላበላሸው በር ብዙም አይመችም።

የቱም ቢመረጥ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ሐኪሙ ይወቅ፤ አስቀድሞ አንቲባዮቲክ ይሰጣል። መነሻው ሩማቲክ ከሆነ፣ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጋው ፔኒሲሊን በሩ ተቀየረ ተብሎ አይቆምም።