አሮጌ ሞተር ሳይክሌን ለአዲስ አበባ መንገድ ያዘጋጀልኝ የኮምቦልቻው ጥገና ቤት

ከሠላሳ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውን ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክሌን ከደሴ አዲስ አበባ ድረስ ነድቼ ለመሄድ ስወስን፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚሆነው ለዚህ መንገድ በሚገባ የሚያዘጋጅልኝ ባለሙያ ማግኘት ዋናው ጭንቀቴ ነበር። ሞተሩ ዘይትን ከቤንዚን ጋር አብሮ የሚያቃጥል ቱ ስትሮክ ስለሆነ፣ ዛሬ ከተማውን ከሞሉት አዳዲስ ሞተሮች የተለየ እውቀት ይጠይቃል። ከሰዎች ጠይቄ ኮምቦልቻ ወደሚገኝ አንድ አነስተኛ ጥገና ቤት ወሰድኩት፤ ስለ አገልግሎቱ የምጽፈውም ሄጄ ከተመለስኩ በኋላ ነው።

በዕድሜ ጠና ያሉት የጥገና ቤቱ ባለቤት መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት በየት በኩል እንደምሄድ፣ ምን ያህል ዕቃ እንደምጭንና ሰው የማፈናጥጥ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጥያቄው ለምን እንዳስፈለገ የገባኝ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ሲፈታ ነው። ከዚያ በፊት ደሴ ውስጥ ያስተካከለልኝ ሌላ ባለሙያ ሞተሩ ጭስ እንዳያበዛ ብሎ የቤንዚን ማሳለፊያዋን አነስተኛ ቀዳዳ ባላት ለውጧት ነበር። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ሞተሩም ያን ያህል ቤንዚን አይፈልግም። ነገር ግን መንገዱ በኮምቦልቻና በከሚሴ አድርጎ 1,280 ሜትር ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፤ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን አንሶት ረጅም መንገድ የሚሮጥ ሞተር ፒስተኑ ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። እሳቸው ለቆላው የሚበቃውን መጠን አስገቡ። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ስደርስ ሞተሩ እንደሚጨስና ጉልበቱ እንደሚቀንስም አስቀድመው ነገሩኝ። «አብሽር፣ ትንሽ ጭስ ሞተር አይገድልም፤ የሚገድለው ድርቀት ነው» ያሉኝን ዳገቱን ስወጣ ደጋግሜ አስታውሼዋለሁ።

ሁለተኛው ያደነቅኩት ሥራ የዘይት ፓምፑ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ዘይቱ በራሱ ፓምፕ ተመጥኖ ከቤንዚኑ ጋር ስለሚገባ፣ በቱቦው ውስጥ የቀረ ትንሽ አየር እንኳ ዘይቱን ያቋርጠዋል። ቱቦውን ለውጠው አየሩን ዓይኔ እያየ አስወጡ፤ የፓምፑ ካቦ ከጋዙ ጋር እኩል መሳቡንም በምልክቱ አስተያይተው አረጋገጡ። ከዚያም ፓምፑ ዘይት የሚያቀብለው በተከፈተው ጋዝ ልክ በመሆኑ፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ጋዝ ዘግቼ በማርሽ ብቻ መውረድ ሞተሩን ያለ በቂ ዘይት እንደሚያሽከረክረው፣ ስለዚህ በየመካከሉ ፍሪሲዮን ይዤ ጋዝ መስጠት እንዳለብኝ አስረዱኝ። ስመለስ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል የወረድኩት በዚህ ምክር ነው።

ሞተሩን አስወርጄ ውስጡን ላሳድሰው ወይ ብዬ ስጠይቃቸው የሲሊንደሩን ግፊት ለክተው አያስፈልግም ማለታቸውን እንደ ትልቅ ነገር እቆጥረዋለሁ፤ ሥራው ገንዘብ ያስገኝላቸው ነበርና። በምትኩ የኋላውን ጎማ እንድቀይር አጥብቀው መከሩኝ። ጥርሱ ገና ስላላለቀ ተከራክሬ ነበር፤ እሳቸው ግን በጎኑ ላይ የታተመውን 1411 የሚል ቁጥር አሳዩኝ፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2011 በ14ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጎማው ሲታጠፍ ጎኑ ላይ ስንጥቆቹ ይታዩ ነበር። ካላማዳሪያውም አብሮ ተለወጠ። የፍሬን ሸራዎቹ፣ የኋላው ኩሽኔታና ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ያለ ብዙ ወሬ ተቀየሩ፤ የወጡት አሮጌ ዕቃዎችም በሙሉ በፌስታል ተመልሰውልኛል።

ቅሬታዬን ደግሞ ሳልሸሽግ ልናገር። በሦስት ቀን ያልቃል የተባለው ሥራ ስድስት ቀን ፈጅቷል፤ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መዘግየቱ ይገባኛል፣ ነገር ግን እኔ እየደወልኩ ከምጠይቅ እነሱ ቢያሳውቁኝ ኖሮ ከደሴ በከንቱ ሁለት ጊዜ ባልተመላለስኩ ነበር። ከዚህ የሚብሰው የካቴናው ነገር ነው። ካቴናውን ያጠበቀው ረዳቱ ሲሆን፣ ያጠበቀውም ሞተሩ በማቆሚያው ላይ ባዶውን ቆሞ ሳለ ነው። እንደ ዲቲ ያሉ ረጅም ሞላ ያላቸው ሞተሮች ሰውና ዕቃ ሲጫንባቸው የኋላው ሞላ ይጨመቅና ካቴናው ይበልጥ ይወጠራል። ከሚሴ ሳልደርስ የሚያንቋርር ድምፅ ሰምቼ ብቆም እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ አገኘሁት፤ መፍቻ ይዤ ባልሄድ ኖሮ ኩሽኔታውን ይበላው ነበር። ስመለስ ለባለቤቱ ነገርኳቸው፤ ሳይከራከሩ ይቅርታ ጠይቀው ካቴናውንና እሱ የሚዞርበትን ጥርሳም ኮሮና ያለ ክፍያ ፈተሹልኝ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ለእጅ 2,800 ብር ከፍያለሁ፤ ይህም አስቀድመው በወረቀት ጽፈው ከሰጡኝ አልጨመረም። መለዋወጫውን ራሴ እንድገዛ ወይም እነሱ እንዲያስመጡልኝ ምርጫ ሰጥተውኛል። በደርሶ መልሱ ሞተሩ አንድም ጊዜ አልቆመብኝም፤ ኮምቦልቻ ተመልሼ የተፈታው ካንዴላም ጥሩ የቡና ቀለም ይዞ ነበር፤ ይህም ቤንዚኑና አየሩ በልክ መቀላቀላቸውን የሚያሳይ ምልክት ነው።

በሚቀጥለው ጉዞዬ በባቲ አድርጌ ወደ ሚሌ መውረድ አስቤያለሁ። ሚሌ ከሸዋ ሮቢትም እጅግ ዝቅ ብላ 500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ካርቡሬተሩ እንደገና መስተካከል ይኖርበታል። ለዚያም ቀጠሮ የያዝኩት እዚሁ ጥገና ቤት ነው፤ ይህን ጊዜ ግን ከጉዞው አሥር ቀን ቀድሜ አስገባለሁ፣ ካቴናውም የሚለካው እኔ ኮርቻው ላይ ተቀምጬ፣ ዕቃውም ተጭኖ ይሆናል።