ሳሙይ ላይ ፍሪጅ ከተበላሸባችሁ እኚህን ሰው ጥሩ

የታይላንዷ ደሴት ኮህ ሳሙይ ላይ ፍሪጅ፣ ኤሲ ወይም የልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚጠግን ሰው የምትፈልጉ ካላችሁ ሌላ ቦታ አትንከራተቱ። ማናም የሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ አዛውንት አሉ። እሳቸውን ጥሩ። በቃ። የታችኛውን ረጅም ወሬ ማንበብ የማይፈልግ እዚህ ጋ ማቆም ይችላል፤ ኢንቦክስ ያድርገኝና ስልካቸውን እልክለታለሁ። ስምና ስልካቸውን በአደባባይ ያልለጠፍኩት እሳቸው ስላልፈለጉ ነው። ብቻቸውን ነው የሚሠሩት። ስልኩ ሲጮህ ከዋለ ሥራው አይሠራም።

ለማንበብ ጊዜ ያላችሁ ደግሞ ቁጭ በሉ፣ ምክንያቱም እኔ ስለኚህ ሰውዬ ማውራት አልጠግብም።

ባሕር፣ ኮኮናት፣ ፀሐይ እያላችሁ ፎቶአችንን አይታችሁ የምትቀኑብን ሁሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ ዕቃ አይበረክትም። ጨው ያለው አየር ብረቱን ይበላዋል። ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀመጥሽው ጫማ ሻጋታ ያበቅላል። እንጀራ ጋግረሽ ውጭ ካሳደርሽ በማግስቱ ወዙ ይቀየራል፣ ሁለተኛውን ቀን አታስቢው። ስለዚህ እዚህ ደሴት ላይ ለሚኖር ሐበሻ ፍሪጅ ማለት የቤቱ ምሰሶ ነው። ጤፉም፣ በርበሬውም፣ ሽሮውም፣ የተጋገረው እንጀራም እዚያ ነው ያለው።

መብራቱ ደግሞ የሚመጣው ከዋናው መሬት በባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ ነው። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2012 ገመዱ ተበላሽቶ ሳሙይም ጎረቤቷ ደሴት ፓንጋንም ለቀናት ጨለማ ውስጥ ነበሩ፤ እኔ ያኔ እዚህ አልነበርኩም፣ ነባሮቹ ግን ዛሬም ያወሩታል። አሁን እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም። ግን ዝናብ ሲበረታ መብራቱ ጭልም፣ ቦግ፣ ጭልም ይላል። ይሄ ቦግ ጭልም ነው ዕቃ የሚፈጀው ይላሉ። ለምን እንደሆነ እኔን አትጠይቁኝ።

እማዬ የመጣችው ኅዳር ላይ ነው። ለሚያውቅ ሰው ኅዳር ሳሙይ የሚኬድበት ወር አይደለም። ፉኬት ክረምቱን ጨርሶ ፀሐይ ሲወጣለት እኛ ገና ዝናባችንን የምንጀምርበት ጊዜ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ይቀደዳል። ግን የባለቤቴ የሥራ ዕረፍትና የሷ ቲኬት የገጠመው ያኔ ነው፣ ምን ይደረግ። ቢጫ የክትባት ካርዷን በደረቷ አንጠልጥላ፣ በባንኮክ በኩል፣ ሻንጣዋን ሞልታ መጣች። ምን እንደያዘች መንገር አያስፈልግም፣ የማንም እናት የምታመጣው ነው። ከዚያ ሁሉ በላይ ግን ኢንሱሊኗን ይዛለች። እማዬ የስኳር በሽታ አለባት፤ ለቆይታዋ የሚበቃትን ገና ያልተከፈተ ኢንሱሊን ይዛ ነው የመጣችው። እሱ ደግሞ ቀዝቃዛ ቦታ ካልተቀመጠ አይሆንም።

ገና መጥታ ሳትረጋጋ ፍሪጁ ሞተ። ሌሊት መብራቱ ሲጫወትብን አድሮ ጠዋት ስከፍተው ሙቅ ነው። ድምፅ የለም። ምንም የለም።

አሁን ምሬቴን ላውጣው። ስም አልጠራም፣ ቦታም አልናገርም፣ ግን ልናገር።

መጀመሪያ የመጣው ልጅ ፍሪጁን ከግድግዳው እንኳን አላራቀውም። በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ "ኮምፕረሰሩ ሞቷል" አለ። ለመቀየር የጠየቀው ብር አዲስ ፍሪጅ ሊገዛ ምንም አይቀረው። አይ ተወው ስለው ለማየት የመጣሁበት ብሎ 500 ባት ተቀበለኝ። ለማየት! ያየውም ነገር የለም እኮ።

ሁለተኛው ጨዋ ይመስል ነበር። ፈገግተኛ ነው፣ እንግሊዝኛ ይችላል፣ ለእማዬ ሰላምታ ሰጣት። ዕቃው ከዋናው መሬት፣ ከሱራት ታኒ ነው የሚመጣው ብሎ ቀብድ ተቀበለኝና ላሽ አለ። ላይን በሚባለው የመልእክት አፕ ስጽፍለት ያነበዋል። ማንበቡ ይታየኛል። አይመልስም። "ነገ" ብሎ አንዴ መለሰልኝ፣ ያ ነገ እስከዛሬ አልመጣም። ገንዘቡ ይሁን፤ እኔን ያቃጠለኝ እናቴ የታመመች ሰው መሆኗን እየነገርኩት እያነበበ ዝም ማለቱ ነው።

ከዚያ አዲስ እንግዛ ብለን ሱቅ ሄድን። ማዕበል ስለሆነ ጀልባው ቆሟል፣ ዕቃ አይገባም፣ ቆይታችሁ ተመለሱ አሉን። ይሄኛው እንኳ የሰው ጥፋት አይደለም። ግን ሻጩ ልጅ ስልኩን እየነካካ ነበር የሚያናግረን፣ ስለዚህ እሱንም አልረሳሁትም።

በዚህ ሁሉ መሀል ኢንሱሊኑ የት ነበር? በፎም ሳጥን ውስጥ፣ በረዶ ላይ። ጎረቤት ጋ አታስቀምጪም ነበር የምትሉ አላችሁ፤ ጎረቤቶቻችን ለዕረፍት የሚመጡ ፈረንጆች ናቸው፣ በዝናብ ወቅት ቤቱ ሁሉ ዝግ ነው። አከራያችን ባንኮክ ናት። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ከሰቨን ኢለቨን ሱቅ በረዶ እየገዛሁ፣ የቀለጠውን እየደፋሁ፣ እማዬ ደግሞ ሳጥኑን አጠገቧ አድርጋ እንደ ሕፃን ስትጠብቀው። ያመጣችው ዶሮ ወጥ ተበላሽቶ ስንደፋ አንድ ቃል አልተናገረችም። እሱ ነው ይበልጥ ያስጨነቀኝ። እናቴ በሌላ ጊዜ ብትሆን ለዚያ ወጥ ሙሾ ታወርድ ነበር።

መንገድ ዳር የአሳማ ጥብስ በእንጨት እየሰካች የምትሸጥ ሴትዮ አለች። በረዶ ተሸክሜ ሳልፍ ስታየኝ ከርማለች መሰለኝ አንድ ቀን ጠርታ ጠየቀችኝ። በተሰባበረ ታይኛዬ ነገርኳት። ምንም ሳትለኝ ስልኳን አንስታ ደወለች። "ሶንግ ቱም ይመጣሉ" አለችኝ። ይህ ለፈረንጅ ግራ ያጋባል፣ ለኛ ግን ችግር የለውም፤ ታዮች ማታ ማታ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለቷ ነው።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ በዚያ ዝናብ፣ ጎኗ ላይ ጋሪ የተገጠመላት ሞተር እየነዱ መጡ። ስድሳ ያለፋቸው ይመስለኛል። ሰፈሩ "ሉንግ" (አጎቴ እንደማለት) ነው የሚላቸው፣ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ለምደውታል። የዝናብ ልብሳቸውን በረንዳ ላይ ሰቀሉ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ እጃቸውን ገጥመው እማዬን እጅ ነሱ። እማዬ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ያን ሰሞን ለመጡት ለማንም ብድግ አላለችም።

የመሣሪያ ቦርሳቸውን ገና ሊከፍቱ ሲሉ ሳጥኑን አዩት። ምንድነው ብለው በእጃቸው ጠየቁኝ። ከፍቼ አሳየኋቸው። ቦርሳውን መልሰው ዘጉት። ፍሪጁን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

ለካ ሚስታቸውም ስኳር አለባቸው። ኢንሱሊኑን አንድ በአንድ እያወጡ በጨርቅ አድርቀው አዩት። በረዶውን ነካ ነካ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከቀዘቀዘ አልፎ በረዶ ከነካውና ከረጋ ይበላሻል ነው የሚሉኝ፤ በስልክ አስተርጉመው አስነበቡኝ። ደግነቱ እማዬ ወፍራም ፎጣ ጠቅልላበት ስለነበር አልረጋም። የተከፈተውን፣ የምትወጋበትን፣ ለብቻ ለይተው ለሷ ሰጧት፤ እሱ ጥላ ቦታ ከተቀመጠ ለጊዜው ምንም አይሆንም አሉ። ያልተከፈተውን ጠቅልለው በዝናብ ልብሳቸው ውስጥ ከተው ተነሡ።

እማዬ ደነገጠች። "ማነው መድኃኒቴን ይዞ የሚሄደው? ወዴት ነው?" አለች። እኔም ግራ ገብቶኛል። እሳቸው "ቤት፣ ቤት፣ ፍሪጅ" ብለው ብቻ በዚያ ዶፍ ውስጥ ሞተሯን አስነሥተው ሄዱ። ፍሪጅ ጠጋኝ ጠርቼ መድኃኒት ተወስዶብኝ ቀረሁ ብዬ በረንዳ ላይ ቆምኩ። እማዬ ውዳሴ ማርያም ጀመረች።

ብዙ ሳይቆዩ ተመለሱ። ውሃ ሆነዋል። መጀመሪያ ያደረጉት ስልካቸውን አውጥተው ለእናቴ ፎቶ ማሳየት ነው። የሚስታቸው ፍሪጅ በር ላይ፣ የሚስታቸው ኢንሱሊን አጠገብ፣ የኔ እናት ኢንሱሊን ተደርድሮ። በወረቀት የሷ መሆኑን ምልክት አድርገውበታል፣ እንዳይቀላቀል። እማዬ ስልኩን ተቀብላ አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ ዕንባዋ መጣ።

ወገኖቼ፣ ይህንን ሰው ነው ጥሩ የምላችሁ። ሰው አይተው ነው ዕቃ የሚያዩት።

የፍሪጁ ነገር ከዚያ በኋላ ጨዋታ ሆነ። ከግድግዳው አራቁት፣ ከኋላ ፈቱት፣ ባትሪ አብርተው ጠሩኝ። ቦርዱ ላይ አንዲት ትንሽ እንሽላሊት ደርቃ ተጣብቃለች። ሙቀት ፈልጋ ገብታ መብራት ይዟት ቀርታለች። እዚህ አገር በየግድግዳው የሚሮጡትን ታውቋቸዋላችሁ። ይህ በየቤቱ የሚያጋጥም ነው አሉ፤ ኤሲም ውስጥ ይገባሉ፣ የውሃ ፓምፕም ውስጥ። እማዬ አማተበች። ከዚያ የሆነ ነገር ፈቱ፣ የሚሸት ነገር አቀለጡ፣ የጥፍር ያህል ዕቃ ቀየሩ። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ብጠይቅም አልገባኝም። ሰኩት። ፍሪጁ ጉርርር አለ። ኮምፕረሰሩ ሞቷል የተባለው ፍሪጅ!

400 ባት አሉኝ። 1000 ሰጠሁ። መልሱን ቆጥረው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ለመንኳቸው፣ እምቢ። እማዬ በኢትዮጵያ ወግ እጃቸው ውስጥ ልትጨምቅ ታገለች፣ እሷም ተሸነፈች። እሷ ስትሸነፍ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አላበቃም። በማግስቱ ሳልጠራቸው መጡ። እንሽላሊት የምትገባበትን ቀዳዳ በወንፊት ሽቦ ዘጉልኝ፤ ከግድግዳው ጋርም ለአየር የሚሆን ክፍተት ተዉለት። ለመብራቱ መለዋወጥ የሚሆን መከላከያ ሶኬት ከየት እንደምገዛ ጻፉልኝ፤ ራሳቸው ቢሸጡልኝ ያተርፉ ነበር፣ እሳቸው ግን ሱቁ ርካሽ ነው፣ እዚያ ግዢ አሉኝ። ለዚህኛው ጉዞ ምንም አልተቀበሉም። በሞተሯ ጋሪ ላይ ሚስታቸው ነበሩ፣ መድኃኒቱን በቀዝቃዛ ቦርሳ ይዘው።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሴቶች ጓደኛ ሆኑ። ቋንቋ የላቸውም። የስኳር መለኪያቸውን አውጥተው ቁጥር ያስተያያሉ፣ ከፍ ያለባት ትቆጣለች። ገበያ አብረው ሄደው እማዬ ማንጎና ጣፋጭ ሩዝ ልትበላ ስትል እጇን የመቷት የጋሼ ሚስት ናቸው። እኔ ስናገራት የማትሰማ ሴት! ቡና አፍልታላቸዋለች፣ ጋሼ ግን ያለ ስኳር አልቻሉም፤ ሦስት ማንኪያ ጨምረው ነው የጠጡት፣ ሁለቱ ሴቶች በቅናት እያዩ። አዲስ አበባ ከተመለሰች በኋላም በኢሞ ስትደውል ከኔ በፊት የምትጠይቀው እሳቸውን ነው። "ወንድሜ ደህና ናቸው? ሚስታቸውስ?" ከዚያ ነው "አንቺስ" የምትለው።

ጋሼ፣ አማርኛ እንደማያነቡ አውቃለሁ፣ ግን ልበለው። እድሜና ጤና ይስጥዎት። ልጆችዎን ይባርክልዎት።

እናንተም ስሙኝ። ኮምፕረሰሩ ሞቷል ያላችሁን ሰው አትመኑ፣ ቢያንስ ከኋላ ከፍቶ ካላሳያችሁ አትመኑ። ቀብድ አትስጡ። እኚህን ሰው ጥሩ። እንግሊዝኛቸው ትንሽ ነው፣ ግን የዕቃውን ፎቶና ቪዲዮ በላይን ከላካችሁላቸው ከመምጣታቸው በፊት ግምታቸውን ይነግሯችኋል። ዋጋ አስቀድመው ይናገራሉ። ክፍያ በኪውአርም በጥሬም ይቀበላሉ። ቴሌቪዥን አይሠሩም። የሚመጡት ከናቶን እስከ ቦፑት ድረስ ብቻ ነው፤ ደሴቷን የሚዞረው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ በሞተር ዙሩ ማለት አይቻልም። ቻዌንግና ላማይ ያላችሁ ትንንሽ ዕቃ ከሆነ ማናም ድረስ ይዛችሁላቸው ሂዱ፣ ቤታቸው በር ላይ ቁጭ ብለው ነው የሚሠሩት። ጠዋት ጠዋት ደውሉ፣ ከሰዓት በኋላ ስልክ አያነሱም። ቁጥራቸውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ ለሁላችሁም እልካለሁ።