ከመሣሪያው ይልቅ እጁን እዪ፦ ጅማ ላይ ኤሌክትሮሊሲስ ለመጀመር

ኤሌክትሮሊሲስ ማለት ፀጉርን በመርፌና በኤሌክትሪክ ከሥሩ ለዘለቄታው ማጥፋት ነው፤ በደንብ መሠራቱ የሚታወቀው እዚያው ወንበሩ ላይ ነው። ባለሙያዋ መርፌውን አውጥታ ፀጉሩን በወረንጦ ስትይዘው ከለጋ ቅቤ ውስጥ እንደሚመዘዝ ፀጉር ሾልኮ መውጣት አለበት። ትንሽ እንኳ ቆንጠጥ ካደረገሽ ያ ፀጉር ተነቀለ እንጂ ሥሩ አልሞተም። ለኤሌክትሮሊሲስ ከፍለሽ የወረንጦ ሥራ ገዛሽ ማለት ነው። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ የሚዞረው በዚህች ነገር ዙሪያ ነው። የምንገመግመው አገልግሎቱን ስለሆነ፣ ጅማ ውስጥ የየትኛውንም ቤት በር ብታንኳኪ በዚሁ ሚዛን መዝኚው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከፀጉር የማይወፍር መርፌ ፀጉሩ በበቀለበት በራሱ ቀዳዳ ይገባል፤ ቆዳ አይበሳም። ከረንቱ የሚለቀቀው መርፌው ፀጉሩን የሚያበቅለው ሥር ጋ ሲደርስ ነው። ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1875 ቻርልስ ሚሸል የተባለ የሴንት ሉዊስ ሐኪም የጻፈበት፣ ወደ ውስጥ በቅለው ዓይን የሚወጉ ሽፋሽፍቶችን ለማጥፋት ነበር። ትራኮማ ሽፋሽፍት እየቀለበሰ ሰው በወረንጦ ሲያስነቅል በኖረበት አገር ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። የተነቀለ ሽፋሽፍት በጥቂት ሳምንት ተመልሶ እንደሚወጋ ያየ ሰው፣ የአገጭ ፀጉር ለምን በመንቀል እንደማይጠፋ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ከረንቱ ሦስት ዓይነት ነው። ጋልቫኒክ የሚባለው ቀጥተኛ ከረንት በቀዳዳው ውስጥ ካለው ጨውና ውሃ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈጥራል፤ ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች ኮስቲክ ሶዳ የሚሉት እሱው ነው። ሥሩን ያሟሟዋል። ቀስ ይላል፤ ግን ፈሳሽ ስለሆነ መርፌው ቀጥ ብሎ ያልደረሰበት የተጣመመ ሥር ድረስ ይሄዳል። ቴርሞሊሲስ በ13.56 ወይም በ27.12 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ተለዋዋጭ ከረንት ሲሆን ሥሩን በሙቀት ያበስላል። አንዱን ፀጉር ከሰከንድ ባነሰ ጊዜም ሊጨርስ ይችላል፤ ሙቀቱ ግን ከመርፌው ብዙ ስለማይርቅ መርፌው ትንሽ ከሳተ ሥሩ ይተርፋል። ብሌንድ ሁለቱን በአንድ መርፌ ያጣምራል። የእኛ ምርጫ ብሌንድ ነው። ምክንያቱም የእኛ ፀጉር በአብዛኛው ከቆዳው በታችም ጥምዝ ነው፤ በዚያ ላይ ለዓመታት በክርና በወረንጦ ሲነቀል የኖረ ሥር ይበልጥ ይጣመማል። ቴርሞሊሲስ ብቻ ያለው ቤት መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም፤ ለላይኛው ከንፈር ስስ ፀጉር እንዲያውም ይሻላል። ለአገጭ ወፍራም ፀጉር ግን ብዙ የሚመለስ ይኖራል።

ባለሙያዋን ቁጥር ጠይቂያት። የጋልቫኒክ መጠን በዩኒት ይቆጠራል፤ 0.1 ሚሊአምፒር ለ1 ሰከንድ 1 ዩኒት ነው። ለአገጭ ወፍራም ፀጉር ከ45 እስከ 60 ዩኒት የተለመደ መነሻ ሲሆን፣ 0.5 ሚሊአምፒር ለ12 ሰከንድ ማለት 60 ዩኒት ነው። ለስስ ፀጉር 15 አካባቢ ይበቃል። ብሌንድ ሲሆን ሙቀቱ ስለሚያግዝ ሰከንዱ ያጥራል። የመርፌውንም ቁጥር ጠይቂ፦ 3 ቁጥር ውፍረቱ 0.075 ሚሊሜትር፣ 5 ቁጥር 0.125 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ደንቡ መርፌው ከፀጉሩ ውፍረት ጋር ይመጣጠን ነው። ለወፍራም ፀጉር ቀጭን መርፌ ከተጠቀሙ ከረንቱ ጫፉ ላይ ተጠራቅሞ ያምማል፣ ሥሩም በወጉ አይሞትም። አሎይ ጌጥ ሲያደርጉ ጆሯቸው የሚያሳክካቸው ሰዎች በወርቅ የተለበጠ መርፌ ይጠይቁ፤ የሚያሳክከው ብዙ ጊዜ ኒኬሉ ነው። «እንደ ፀጉሩ ነው» የሚል መልስ ብቻ ካገኘሽ፣ ባለሙያዋ የምትሠራው በግምት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በዓይንሽ አረጋግጪ። በጋልቫኒክም ሆነ በብሌንድ መርፌው ኔጌቲቭ መሆን አለበት፤ አንቺ በእርጥብ ስፖንጅ የተጠቀለለውን ፖዘቲቭ ዘንግ ትይዣለሽ። ገመዱ ከተገላበጠ ከብረት መርፌው የሚወጣው ብረት ቆዳ ውስጥ ገብቶ እንደ ንቅሳት ጥቁር ነጥብ ይተዋል። ጥንቁቅ ባለሙያ መሣሪያውን በጨው ውሃ ትፈትነዋለች፦ ሁለቱን ጫፎች ስትነክር አረፋው በርከት ብሎ የሚወጣው ከኔጌቲቩ ነው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ፀጉር ያጠፋሉ ተብለው ስለሚሸጡ ሌሎች ነገሮች ደግሞ። ፀጉሩን ከላይ ይዞ ከረንት ይልካል የሚባለው የኤሌክትሪክ ወረንጦ ገንዘብ አይወጣበትም፤ ደረቅ ፀጉር ከረንት ወደ ሥሩ አያደርስም። አይፒኤል የሚባለው በእጅ የሚያዝ ፀጉር ማጥፊያ መብራት ለጥቁር ቆዳ አደገኛ ነው፤ መብራቱ የፀጉሩን ቀለም ከቆዳው ቀለም አይለይም፣ ያቃጥላል። ሌዘር ከሆነ ለእኛ ቆዳ የሚሻለው 1064 ናኖሜትር ኤንዲ ያግ ነው። ሰፊ ቦታን በፍጥነት ያሳሳል፤ ነገር ግን ነጭ ፀጉር አይነካም፣ ፊት ላይ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ስሱን ፀጉር ጭራሽ ያወፍረዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ለሌዘር «ዘላቂ መቀነስ» የሚለውን ሲፈቅድ «ዘላቂ ማስወገድ» የሚለውን ለኤሌክትሮሊሲስ ነው የተወው። ባትሪ የሚበላው የቤት ኤሌክትሮሊሲስ ብዕር እውነተኛ ጋልቫኒክ ነው፤ ይሠራል። ግን በመስታወት እያዩ የራስን አገጭ ቀዳዳ ማግኘት ከባድ ነው። አራት አምስት ፀጉር ላላት እሺ፣ ከዚያ በላይ ላላት አይሆንም።

ከመጀመርሽ በፊት ፀጉሩ ለምን እንደመጣ መታወቅ አለበት። አገጭ ላይ ወፍራም ፀጉር፣ የወር አበባ መዛባትና ብጉር አብረው ካሉ የእንቁላል ማምረቻ ችግር፣ ፒሲኦኤስ የሚባለው፣ ሊሆን ይችላል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሜዲካል ሴንተር ወይም ሌላ ጤና ተቋም ሄደሽ የማህፀን ወይም የውስጥ ደዌ ሐኪም አማክሪ፤ ቴስቶስትሮን፣ የታይሮይድና የፕሮላክቲን ምርመራ ሊታዘዝልሽ ይችላል። ሆርሞኑ ባይያዝም የሞተው ሥር አይመለስም፤ ከጎኑ የነበረው ስስ ፀጉር ግን እየወፈረ ይተካዋል፣ ሥራውም ማለቂያ ያጣል። ፀጉሩ በጥቂት ወራት ድንገት ከበዛ፣ ድምፅሽም ከወፈረ፣ ቀጠሮሽ ሐኪም ጋ እንጂ ሳሎን አይደለም። ሌላም ምክንያት አለ፤ ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። ፊት ያቀላል ተብሎ የሚቀባ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያለበት ክሬም ሲቆይ ራሱ ፀጉር ያበቅላል፣ ቆዳም ያሳሳል። በሳሳ ቆዳ ላይ መርፌ ማስገባት ጥሩ አይደለም። በሐኪም ምክር ክሬሙን አቁሚና ቆዳሽ እስኪያገግም ጠብቂ።

ፔስሜከር የሚባለው የልብ ምት መቆጣጠሪያ ያላት ሴት ኤሌክትሮሊሲስ አትጀምር። ነፍሰ ጡር ከጋልቫኒክና ከብሌንድ ትቆይ። ለብጉር የአይሶትሬቲኖይን ኪኒን የምትወስድም ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትጀምር። ጆሮ ስትበሺ ወይም ክትባት ስትወጊ ያበጠ ጠባሳ የቀረብሽ ከሆነ አስቀድመሽ ተናገሪ። ማርያም የሳመችው ከሚባለው ጥቁር የቆዳ ነጥብ ላይ የበቀለ ፀጉር ሐኪም ሳያየው አይነካ።

ዝግጅቱ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። በክር፣ በዋክስና በወረንጦ ማስነሳት ቀጠሮው ከመድረሱ ብዙ ሳምንት በፊት ይቁም፤ የሚሠራው በማደግ ላይ ያለ ፀጉር ላይ ነው፣ የተነቀለ ቀዳዳ ደግሞ ባዶ ነው። በመሃል ካስጨነቀሽ በምላጭ ተላጪ ወይም በመቀስ ቁረጪ፤ ከቀጠሮው ሦስት ቀን አስቀድመሽ ተይው፣ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ይደግ። ምላጭ ያወፍራል የሚባለው ሐሰት ነው፤ ጫፉ ስለተቆረጠ ብቻ ነው ሻካራ የሚመስለው። ከቀጠሮው በፊት በነበረው ቀን ውሃ በደንብ ጠጪ፤ ጋልቫኒክ የሚሠራው በእርጥበት ነው። ቀጥሎ ያለው ለጅማ ሰው ከባድ ምክር ነው፦ ከቀጠሮሽ በፊት ባሉት ሰዓታት ቡና አትጠጪ። ባለሙያዎች እንደሚሉት ቡና የጠጣች ደንበኛ ሕመሙ ይብስባታል፣ ትንቀጠቀጣለችም። ቡናው ከወንበሩ ስትነሺ ይፈላል። ሕመም ከፈራሽ ሊዶካይንና ፕሪሎካይን እያንዳንዳቸው 2.5 በመቶ ያሉበት ማደንዘዣ ክሬም ተቀብቶ በፕላስቲክ ተሸፍኖ 60 ደቂቃ ይቆያል። የላይኛው ከንፈር ከአገጭ ይበልጥ ያምማል።

ቤቱ ገብተሽ ወንበር ከመያዝሽ በፊት መርፌው ከታሸገ ፓኬት ፊትሽ ሲከፈት እዪ። አንድ መርፌ ለአንድ ሰው፣ ከዚያ ወደ ማስወገጃ ሳጥን። ወረንጦው አውቶክሌቭ፣ ማለትም በእንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን፣ ውስጥ ይግባ፣ በ121 ዲግሪ ቢያንስ 15 ደቂቃ፤ አልኮል ማራስ አይበቃም። ጓንት፣ ጥሩ መብራት፣ የሚያጎላ መነፅር። ያለ ማጉያ የምትሠራ ባለሙያ የቱንም ያህል እጇ የተመሰከረ ቢሆን ቀዳዳውን አታይም። መሣሪያው በ110 ቮልት የሚሠራ ከሰሜን አሜሪካ የመጣ ከሆነ ከእኛ 220 ቮልት ጋር ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ፣ ዩፒኤስም፣ ቢኖረው ደግ ነው። መብራት ሲጠፋ ግማሽ መጠን የወሰደ ፀጉር በቀዳዳው ውስጥ ይቀራል፤ ትክክለኛው አሠራር መብራት ሲመጣ መርፌውን መልሶ ማስገባት ነው። ችኮላ የያዛት ግን ስባ ታወጣዋለች።

መጀመሪያ ሙሉ አገጭ አታሠሪ። ከመንጋጋ በታች 15 ደቂቃ ይሠራና ሁለት ሳምንት ይጠበቅ። የእኛ ቆዳ ላይ ችግሩ በመጀመሪያው ቀን መቅላት አይደለም፤ በኋላ ቀስ ብሎ የሚመጣው ጥቁረት ነው። ከረንቱ በሚለቀቅበት ጊዜ በፀጉሩ ዙሪያ ያለው ቆዳ ነጣ ካለ መርፌው በጣም ከላይ ነው ወይም መጠኑ በዝቷል፤ ወዲያው አስቁሚ። ጎን ለጎን የበቀሉትን ሁሉ በአንድ ቀን ጠራርጎ መጨረስም ስህተት ነው። ሙቀቱ ተደራርቦ ቅርፊት፣ ከዚያ ጉድጓድ ያመጣል። ጥሩ ባለሙያ እየዘለለች ትሠራለች፤ ስትጨርስ አገጭሽ ያልተስተካከለ መምሰሉ የጥሩ ሥራ ምልክት ነው።

ከሥራው በኋላ ለ24 ሰዓት ሜካፕ፣ ቫዝሊን፣ ቅቤ፣ ላብና እንፋሎት አይድረስበት። ቀዝቃዛ ጨርቅ ያዢበት፤ ንጹሕ እሬት ከተስማማሽ ቀቢ። ትንንሽ ቅርፊት ከመጣ በራሱ ይርገፍ፤ ጥፍር ከገባበት ለወራት የሚቆይ ጥቁር ነጥብ ይቀራል። ሂጃብ ለምትለብስ አንድ ነገር እንጨምር፦ ጠርዙ የሚያርፈው ልክ በተሠራው ቦታ፣ ከአገጭ በታች ነው። ለሁለት ሦስት ቀን የታጠበ ለስላሳ ጥጥ ልበሺ፣ ስፒሉን ላላ አድርጊ፤ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ላብ ይዞ ይፈትጋል። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናትና ደመና ባለበት ቀንም ፀሐዩ ያጠቁራል። ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ ሰንስክሪን ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ ተቀቢ፤ ክረምትም ቢሆን።

ክፍያው በደቂቃ ይሁን። አንዱ ፀጉር ከማስገባቱ ጋር 20 ሰከንድ ቢወስድ በ30 ደቂቃ 90 ፀጉር ነው፤ ከዚህ ተነስተሽ ሒሳቡን ራስሽ ሥሪ። «በስድስት ጊዜ እንጨርሳለን፣ ቅድሚያ ክፈዪ» የሚል ጥቅል አትግዢ፤ ይህ የሌዘር ቋንቋ ነው። መጀመሪያ በየሳምንቱ ወይም በየ15 ቀኑ ትሄጃለሽ፣ እየቆየ ይራራቃል። ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል መፍጀቱ የተለመደ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ምንም ያልተለወጠ ይመስላል፤ የሚወጣው አብዛኛው ያኔ ተኝቶ የነበረ ሌላ ፀጉር ነው። ለመለየት ደብተር ያዢ፦ ቀን፣ ደቂቃ፣ የመርፌ ቁጥር፣ ዩኒት። በየወሩ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ አንሺ። ለማጥራት የሚወስደው ደቂቃ በአራተኛው በአምስተኛው ወር ካልቀነሰ፣ ወይ ሆርሞኑ አልተያዘም ወይ እጁ እየሳተ ነው።

ለሠርግ ብለሽ የምትጀምሪ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻው ቀጠሮ ከሠርጉ ቢያንስ 10 ቀን በፊት ይሁን። በዚያ ሳምንት ብቅ የሚሉትን ጥቂቶች በመቀስ ቁረጫቸው፤ በወረንጦ ግን ሚዜዎችሽም ቢሆኑ ፊትሽን አይንኩ።