ሉፕ ሃቢት ትራከር፦ አንድ ቀን ቢያመልጣችሁ ከዜሮ የማያስጀምራችሁ አፕ

የመስከረም ዕቅድ አብዛኛውን ጊዜ መስቀልን ሳይሻገር ይቀራል። ስንፍናን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የልማድ መከታተያ አፖቹም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ብዙዎቹ ጎላ አድርገው የሚያሳዩት ሳይቋረጡ የተያዙ ቀናትን ቁጥር ነው። ሃያ ቀን በጠዋት ተነስቶ የሮጠ ሰው አንድ ሌሊት ለቅሶ ቤት አድሮ ቢቀር ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል፤ ዜሮውን ያየ ሰው ደግሞ በማግስቱ ጫማውን ለማሰር ወኔ ያጣል። ሉፕ ሃቢት ትራከር ከሌሎቹ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው።

አፑ ለአንድሮይድ ብቻ የተሠራ ነው። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ አካውንት ክፈቱ አይልም። ዳታ ጠፍቶም ይሠራል። ከጎግል ፕሌይ ወይም ኤፍ-ድሮይድ ከሚባለው የነፃ አፖች መደብር አውርዱት፤ ቴሌግራም ላይ «ፕሪሚየም ነው» የሚል ኤፒኬ (የአፕ መጫኛ ፋይል) ብታገኙ እለፉት፣ ምክንያቱም የሚከፈልበት ስሪት ጭራሽ የለውም።

ዋናው ነገር ነጥቡ ነው። አፑ ለእያንዳንዱ ልማድ እስከ 100 በመቶ የሚደርስ ነጥብ ይሰጣል፤ የቅርብ ቀናት ከራቁት የበለጠ ይመዝናሉ። በየቀኑ የሚደረግ ልማድ ሳይቋረጥ ከተያዘ በ13 ቀን 50፣ በአንድ ወር 80፣ በሁለት ወር 96 ገደማ ይደርሳል። 80 ላይ ሆናችሁ አንድ ቀን ቢያመልጣችሁ ወደ 76 ትወርዳላችሁ፤ ያንን ለመመለስ አራት ቀን ያህል ይበቃል። ሳምንት ሙሉ ከተዋችሁት ግን 55 አካባቢ ትገኛላችሁ። ቅጣቱ አለ፣ ግን ከጥፋቱ ጋር ይመጣጠናል። በወቅቱ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪ የነበረችው ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናትም ከዚህ ጋር ይገጥማል፦ አንድ ነገር ሳያስቡት የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል፣ ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል፣ መሀል ላይ አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ያን ያህል ጉዳት አላመጣም። ስለዚህ በአሥረኛው ቀን ነጥቡ ገና 41 ነው ብላችሁ አትበሳጩ። በሳምንት አንዴ የሚደረግ ልማድ እንዲያውም ግማሹን ለመድረስ አምስት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል።

ልማድ ስትመዘግቡ ሁለት ዓይነት ምርጫ ይመጣል። አንደኛው አዎ ወይም አይ የሚባልለት ነው፣ ሁለተኛው በቁጥር የሚለካ። ለንባብ፣ ለእርምጃና ለቁጠባ የሚለካውን ምረጡ፤ ግባችሁ 20 ገጽ ሆኖ 10 ብቻ ብታነቡ የቀኑን ግማሽ ነጥብ ታገኛላችሁ። «ጥያቄ» የሚለውን ሳጥን ባዶ አትተዉት፤ ማስታወሻው ሲመጣ የሚነበበው እሱ ነው። «ስፖርት ሠራህ?» ብሎ መጻፍ ብዙም አይጠቅም። «ቁርስ ሳይቀርብ 15 ደቂቃ ገመድ ዘለልኩ?» የሚለው መቼ፣ ምንና ምን ያህል የሚለውን ይዟል። በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ከሦስት ልማድ በላይ ባንድ ጊዜ መጀመር ግን ዝርዝሩን ከማሳመር አያልፍም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ ግራ የሚጋባው ምልክት ማድረጉ ላይ ነው። አንዴ ነካ ማድረግ አይበቃም፣ ጫን አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። ይህ ካሰለቻችሁ ሴቲንግ ውስጥ በአጭር ንክኪ እንዲሆን መቀየር ትችላላችሁ፤ ኪስ ውስጥ በስህተት መነካቱን ግን አስቡበት።

አፑ የሚያስቸግረው የተወሰኑ የሳምንቱ ቀናት ላይ ለሚደረግ ነገር ነው። ድግግሞሹን የምትመርጡት «በየቀኑ»፣ «በየስንት ቀኑ»፣ «በሳምንት ይህን ያህል ጊዜ» ወይም «በወር ይህን ያህል ጊዜ» በሚል ነው እንጂ «ረቡዕና ዓርብ» የሚባል ምርጫ የለም። ለጾም መከታተያ ሊጠቀምበት ለሚፈልግ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። መፍትሔው ድግግሞሹን በሳምንት 2 ጊዜ አድርጎ የማስታወሻውን ቀናት ብቻ ረቡዕና ዓርብ ላይ ማሰር ነው፤ ማስታወሻው ቀን መምረጥ ይፈቅዳል። ሰኞና ሐሙስ ለሚጾሙ ሙስሊሞችም ይኸው ያገለግላል። ሁለቱን ቀን ስትሞሉ የቀሩትን የሳምንቱ ቀናት አፑ ራሱ በደብዛዛ ምልክት ይሞላቸዋል፣ እንዳትደነግጡ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት የረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሌለ ነጥቡ በከንቱ ይወርዳል፤ ለዚህ ሴቲንግ ውስጥ «ስኪፕ ዴይስ» የሚለውን አብሩ። ከዚያ በኋላ አንድን ቀን ሁለት ጊዜ ስትጫኑት «ተዘሏል» ይሆናል፣ ነጥቡም ባለበት ይቆያል። ለታመሙበት ወይም መንገድ ላይ ለዋሉበት ቀንም ይሆናል። ለስንፍና ከተጠቀማችሁበት ግን ነጥቡ ትርጉም ያጣል።

የሰዓት ነገር። አፑ የሚያውቀው የስልኩን ሰዓት ነው፤ ማለዳ 12፡30 ማስታወሻ የሚፈልግ ሰው 6፡30 ኤኤም ብሎ ይሙላ። ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ አምሽቶ የሚሠራ ሰው ምልክቱን ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ሲያደርግ ለማግስቱ ይያዝበታል። ቀኑን እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት የሚያራዝም ምርጫ ሴቲንግ ውስጥ አለ። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የለውም፣ ሰንጠረዡ የሚያሳየው የፈረንጅ ወር ነው። ደግነቱ «በወር 10 ጊዜ» ስትሉት የሚያሰላው በ30 ቀን ነው፤ ከእኛ ወር ጋር ይገጥማል፣ ጳጉሜን ሲቀር።

ማስታወሻው ጭራሽ ካልመጣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የስልኩ ነው። ቴክኖና ኢንፊኒክስን የመሳሰሉ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ከጀርባ ያለውን አፕ ይዘጋሉ። ሴቲንግ፣ ከዚያ አፕስ፣ ከዚያ ሉፕን ከፍታችሁ ባትሪው ላይ «አንሪስትሪክትድ» የሚለውን ምረጡ፣ «አውቶ ስታርት» የሚል ካለም አብሩለት። የኖቲፊኬሽን ፈቃድም መሰጠቱን እዩ፤ አንድሮይድ 13 እና ከዚያ በላይ ላይ አፑ ፈቃድ ሳያገኝ ምንም ማሳየት አይችልም። ይህ ሁሉ ካሰለቻችሁ ዊጀቱን (የአፑን ትንሽ መስኮት) የስልኩ የፊት ገጽ ላይ አውጡት፣ ኖቲፊኬሽን ከመጠበቅ እሱ ይሻላል።

መረጃው ስልካችሁ ላይ ብቻ ነው የሚቀመጠው። ለምስጢር ጥሩ ነው፣ ስልክ ሲሰረቅ ግን የአንድ ዓመት መዝገብ አብሮ ይሄዳል። በወር አንዴ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሙሉ ባክአፕ አውጡና ቴሌግራም ላይ «ሴቭድ መሴጅስ» ውስጥ ለራሳችሁ ላኩት። አዲስ ስልክ ላይ «ኢምፖርት ዳታ» ብላችሁ ያንኑ ፋይል ትመልሳላችሁ። በኤክሴል ለማየት የሚፈልግ ሲኤስቪ የሚባለውን የሠንጠረዥ ፋይል ያውጣ፤ ሲኤስቪው ግን ለመመለስ አይሆንም።

አይፎን የያዘ ሰው ሌላ ይፈልግ። ከጓደኛ ጋር ተፎካክሮ መሥራት የሚወድም እንዲሁ፤ ሉፕ ውስጥ ጓደኛ፣ ደረጃ፣ ሽልማት የሚባል ነገር የለም። ብቻውን፣ በዝምታ፣ ሁለት ሦስት ነገር ለመያዝ ለሚፈልግ ግን ከነፃዎቹ ሁሉ ቀዳሚ ምርጫዬ ነው።