የስልኳ ብላክጃክ ካርታ አትሰርቅም፣ ክፍያዋን ግን ተመልከቱ

ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ አንዲት የስልክ ጨዋታ ስፈትሽ ከረምኩ። ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ማታ የት ይወጣል፣ ጋቢ ተከናንቦ ቤት መቀመጥ ነው። ጨዋታዋን ያመጣልኝ የእህቴ ልጅ ነው። እሱ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነው፣ እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር እየሰረቀኝ ነው። ከመቶ ዙር 43ቱን ብቻ ነው የማሸንፈው» አለኝና ስልኩን ሰጠኝ። የጨዋታዋን ስም አልጠራም። እንደሷ ያሉ ብዙ ናቸው፣ የምለውም ለብዙዎቹ ይሠራል።

ለማታውቁት በአጭሩ፣ ብላክጃክ ማለት ሀያ አንድ ነው። ካርታህ ተደምሮ ከአዳዩ ይልቅ ለ21 ከቀረበ በላህ፣ 21 ካለፈ ተቃጠልክ። አስ 1ም 11ም ትሆናለች፣ ባለ ሥዕሎቹ ሁሉ 10 ናቸው። አዳዩ ማሽኑ ነው፣ 17 እስኪሞላ ለራሱ ይጨምራል። ይህችኛዋ በነጻ ሳንቲም ነው የምታጫውተው፣ ብር የለባትም።

በ43ቱ ነገር ልጁ ተሳስቷል። አሳምሮ የሚጫወት ሰው እንኳ ከ100 ዙር 42 ወይም 43 ነው የሚያሸንፈው። 8 ወይም 9ኙ እኩል ይወጣል፣ 49 ያህሉን ይሸነፋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ቀድመህ የምትጫወተው አንተ ነህ። አዳዩም ከ100 ዙር 28 ያህሉን ይቃጠላል፣ ግን አንተ ቀድመህ ከተቃጠልክ እሱ በኋላ ቢቃጠልም ያስያዝከውን አይመልስልህም። ይህን ጉድለት የሚሞላልህ ክፍያው ነው። ጥሩ ካርታ ሲገጥምህ ያስያዝከውን እጥፍ ታደርጋለህ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች አስና ባለ 10 ሲመጡልህ ደግሞ (ብላክጃክ የሚባለው እሱ ነው) ካስያዝከው በላይ ይከፈልሃል።

በቃል ብቻ አላለፍኩትም። ደብተር አውጥቼ 500 ዙር መዘገብኩ። ሕጉ ላይ እንደተጻፈው ባለ 52ቱ ካርታ ስድስት ጊዜ ተደራርቦ 312 ሆኗል፣ ከዚያ ውስጥ 24 አስ፣ 96 ባለ 10 አለ። ሲሰላ ብላክጃክ የመምጣት ዕድሉ 4.75 በመቶ ነው፣ ከ500 ዙር 24 ያህል ማለት ነው። እኔ የቆጠርኩት 22 ነው። ጤነኛ ነው። ስንት ከሰርክ፣ ስንት አተረፍክ የሚለውን ግን በ500 ዙር መፍረድ አይቻልም፣ ምክንያቱም በዚህ ሁሉ ዙር ቤቱ (አጫዋቹ ወገን) በአማካይ የሚወስድብህ ወደ 10 ጊዜ ያስያዝከውን ያህል ሆኖ ሳለ ዕድል ብቻዋን 25 ጊዜ ያህሉን ወዲያና ወዲህ ታወዛውዝሃለች። አንድ ሳምንት አሸንፎ «ዘዴውን ገባኝ» የሚል ሰው ያጋጠማችሁ ለዚህ ነው።

ካርታው ንጹሕ ከሆነ ታዲያ ችግሩ የት ነው? ሕጉ ላይ፣ ሦስት ጊዜ ወደ ታች ተንቀሳቅሰህ የምታገኛት አንዲት መስመር ላይ። «ብላክጃክ 6 ለ 5 ይከፍላል» ትላለች። የድሮው ክፍያ 3 ለ 2 ነው። ልጁ ልዩነቱ አልታየውም፣ ስለዚህ የባቄላ ቆሎ አመጣሁ። አሥር ባቄላ ምንጣፉ ላይ ደረደርኩና «ይሄን አስይዘህ ብላክጃክ መጣልህ እንበል» አልኩት። በ3 ለ 2 ሕግ 15 ባቄላ ቆጥሬ ሰጠሁት። ቀጥዬ በ6 ለ 5 ሕግ 12 ሰጠሁት። ሦስቷ ባቄላ እጄ ላይ ቀረች። እያየኋት ነው፣ እሱም እያያት ነው።

«ሦስት ባቄላ ምን አላት ጋሼ?»

አብረን አሰላን። 100 ዙር በ10 ባቄላ ከተጫወትክ 1000 ባቄላ አስይዘሃል። አዳዩም ብላክጃክ ይዞ እኩል የምትወጡበትን ስትቀንስ 4 ወይም 5 ጊዜ ይከፈልሃል፣ በየጊዜው ሦስት ሦስት ባቄላ ትቀራለች፣ 13 ወይም 14 ባቄላ ሄደ። የዚህችኛዋ ሌሎች ሕጎች ደህና ናቸው፣ አጥርተህ ከተጫወትክ ከ1000ው 6 ያህሉን ብቻ ነው የሚወስዱት። እንግዲህ የቤቱ ድርሻ ከ6 ወደ 20 የዘለለው በዚያች አንድ መስመር ነው። አንዳንድ ማሽኖች ደግሞ ለብላክጃክ ያስያዝከውን ያህል ብቻ፣ 1 ለ 1 ይከፍላሉ፣ እዚያ ከ1000ው 23 ያህል በዚሁ ብቻ ይሄዳል።

ሌላው ያናደደኝ ስክሪኑ ላይ የምታሳየው በመቶኛ ነው። 16 ይዘህ አዳዩ ገልጦ የሚያሳይህ አንዷ ካርታው 7 ከሆነች «የመቃጠል ዕድል 62 በመቶ» ብላ በቀይ ትጽፍልሃለች። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ከ13 ዓይነት ካርታ 8ቱ ያቃጥሉሃል። ልጁ ይህን እያየ ሁልጊዜ «ይብቃኝ» ይል ነበር። ግን 16 ላይ ከቆምክ የምታሸንፈው አዳዩ ሲቃጠል ብቻ ነው፣ 7 ያሳየ አዳይ ደግሞ የሚቃጠለው ከ100 ጊዜ 26 ጊዜ ነው። ከቆምክ ከ100 ብር በአማካይ 48 ያህል ትከስራለህ፣ ከጨመርክ 41። ሁለቱም መጥፎ ነው፣ ግን መጨመሩ ይሻላል። የመቃጠልን ዕድል ብቻ አሳይቶ የመቆምን ኪሳራ መደበቅ ግማሽ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 አራት የአሜሪካ ጦር ባልደረቦች በጠረጴዛ ማስያ ማሽን ቀምረው ያሳተሙት ስልት ይህንኑ ለእያንዳንዱ ካርታ ይመልሳል። አሁን ያለ ስልክ ይህን አንድ ሠንጠረዥ ማሳየት እንዴት ያቅተዋል?

አዳዩ አስ ሲያሳይ የምትመጣው «ኢንሹራንስ ግባ» የምትለው ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍም አለች፣ አዳዩ ብላክጃክ ይዟል ብለህ ተጨማሪ የምታስይዝባት ናት። አትንኳት። 2 ለ 1 ነው የምትከፍለው፣ ስለዚህ እንድታዋጣ ከ3 ጊዜ አንዴ መያዝ አለባት። የምትይዘው ግን ከ100 ጊዜ 31 ጊዜ ነው። ከያንዳንዱ 100 ብር 7 ብር ከምናምን ወዲያው ተበላ።

ካርታ መቁጠርስ፣ ማለትም የወጡትን እየተከታተሉ የቀሩትን መገመት? ልጁ ቪዲዮ አይቶ ነው የመጣው። ኤድዋርድ ቶርፕ የሚባለው የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አይቢኤም 704 ኮምፒውተር ላይ አስልቶ መቁጠር እንደሚያዋጣ አሳይቷል፣ እውነት ነው። ያ የሚሠራው ግን የወጡት ካርታዎች ተመልሰው ሳይገቡ ለሚቀጥለው ዙር ሲታደል ነው። ይህች ጨዋታ በየዙሩ 312ቱንም እንደ አዲስ ትበውዛለች። ያለፈው ስለሚመጣው ምንም አይነግርህም።

ፍጥነቷንም ለካሁ። አንድ ዙር 9 ሰከንድ ትፈጃለች፣ በሰዓት 400 ዙር። በነጻ ሳንቲም ችግር የለውም። በብር ቢሆን ግን አስበው፣ በየዙሩ 10 ብር እያስያዝክ በሰዓት 4000 ብር በእጅህ ያልፋል፣ 2 በመቶው 80 ብር ነው፣ ያውም አንድም ስህተት ሳትሠራ። ልጁ «በብር የሚያጫውተውን ልሞክር?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ይህን ሒሳብ ራሱ በራሱ እጅ ደብተሩ ላይ ሠራውና ዝም አለ። አልገፋሁትም።

እኔ ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻታለሁ። ዕድል የሚባለውን ትምህርት ለማስተማር ከዳይስ ትሻላለች፣ ኢንተርኔት አትፈልግም፣ መብራት ሲጠፋም ትሠራለች። ያቺን 6 ለ 5 የምትለውን መስመር ወደ መጀመሪያው ገጽ ቢያወጧትና የመቆምን ኪሳራ ከመቃጠሉ ጎን ቢጽፉ 5 እሰጣት ነበር። ለሠሪዎቹ ጽፌላቸዋለሁ፣ እስካሁን አልመለሱም።