የማታውቁት ጩቤ እጃችሁ ከገባ ድሬ ያሉትን አንጥረኛ አሳዩ

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ አካባቢ፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ብር የሚሠሩ አንድ አባት አሉ። ስሜን አታውጪ ስላሉኝ አላወጣም። ግን ሳላመሰግናቸው ባልፍ ይከብደኛል።

ከአያታችን ዕቃ መሀል በብር ያጌጠ ጠማማ ጩቤ ወጣ። አያታችን ከየመን ነጋዴዎች ጋር ይሠሩ ስለነበር ከዚያ ሳይመጣ አይቀርም አልን። አዲስ አበባ አንድ የጥንት ዕቃ መሸጫ ወሰድነው። ሰውየው ከሰገባው እንኳ ሳይመዘው «ከ240 ዓመት በላይ ነው፣ እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ነው» አለን። ማስረጃው ሰንሰለቱ ላይ የተንጠለጠለው ማርትሬዛ፣ ያ የድሮው የብር ገንዘብ ነው። 1780 ይላላ!

የድሬው አባባ ይህን ሲሰሙ ሳቃቸው አልቆም አለ። «ልጄ፣ የትኛው ማርትሬዛ ነው 1780 የማይለው?» ብሩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ብሩ ግን ከዚያ በኋላም ዓመቱ ሳይቀየር ሲመታ ኖሯል።

ከዚያ አጉሊ መነጽራቸውን አወጡ። በጣም የወደድኩላቸው ነገር፣ ለጩቤው አንድ ዕድሜ አልሰጡትም። ስለቱን፣ እጀታውንና ሰገባውን ለየብቻ አዩ። ስለቱ ተስሎ ተስሎ ሳስቷል፤ ከሁሉም የቆየው እሱ ነው። እጀታው በኋላ የተቀየረ ነው። የአውራሪስ ቀንድ ቢሆን ጫፉ ላይ የተጠቀጠቀ ፀጉር የሚመስሉ ነጠብጣቦች ይታዩ ነበር። የእኛው ግን ድርብርብ ነው፤ የከብት ቀንድ። እሰየው! የአውራሪስ ቀንድ ዓለም አቀፍ ንግድ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ስለሆነ፣ እውነት ቢሆን ጣጣው አይጣል ነበር።

ሰገባው ላይ ብዙ ቆዩ። ብዙዎቻችን የምናውቀው የየመን ጠማማ ጩቤ፣ ጃምቢያ የሚሉት፣ ሰገባው እንደ መንጠቆ የታጠፈ ነው። ይሄ ቀጠን ያለና ብዙም ያልታጠፈ ነው። ቱማ ይባላል፤ ቃዲዎችና ሰይዶች (የነቢዩ ዘር የሚባሉት) በቀኝ ጎናቸው የሚታጠቁት። ላዩ እንደ ክር በቀጠነ የብር ሽቦ ተጠማዝዞ የተሠራ ነው። ገልበጥ ሲያደርጉት በዓረብኛ ቁጥር 1350 ተቀርጿል። በሂጅራ፣ በእስልምናው ዘመን አቆጣጠር ነው፤ ወደ እኛ ሲመጣ 1923 ወይም 24። በዚያን ጊዜ የየመንን ምርጥ የብር ሥራ ይሠሩ የነበሩት በአብዛኛው አይሁድ አንጥረኞች ናቸው። ብዙዎቹ በ1949 እና በ1950 እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል ሄደዋል። «እጁም ዓመቱም ይገጥማል» አሉኝ።

ዋጋ ግን ንገሩኝ ብላችሁ አትድከሙ። «እኔ ገዢ አይደለሁም» ይላሉ፣ አበቃ። ለእኔ ይሄ ራሱ እምነት የሚያስጥል ነው። የላላውን ሽቦ በየዱልኝ፤ የተቀበሉኝ የሻይ ያህል ነው።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ብሩን በሎሚና በአመድ ፈትጋችሁ እንዳትወስዱ፣ ይቆጣሉ። ደግሞ ጠዋት ሂዱ። ከሰባት ሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ናቸው፤ ድሬን የሚያውቅ ያውቀዋል።